ሞግዚቷም ልጅ ናት!

እስቲ ዛሬ ከፖለቲካው ትንሽ ፈቀቅ እንበልና ወደ ጓዳ እንግባ። (ጓዳ ውስጥ ፖለቲካ የለም ያላችሁ ካለ ተሳስቷል፤ ዋናው እዚያ ነው።)

ባለፈው ዘመድ ልንጠይቅ ይፋግ ወርደን ነበር። ለማታውቋት፦ ይፋግ ከወረታ ተነስታችሁ ወደ አዲስ ዘመን ስትጓዙ አስፋልቱ መሐል ለመሐል የሚሰነጥቃት የሊቦ ከምከም ከተማ ናት። የዛሬ ተሳፋሪ በመስኮት አይቷት ያልፋል፤ የድሮ ሲራራ ነጋዴ ግን በቅሎውን አራግፎ ይገበያይባት ነበር። ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ አንዱ ስልኩን አወጣና ቪዲዮ አሳየን። ዓይነቱን ታውቁታላችሁ፤ የቤት ሠራተኛ ሕፃን ስትመታ ካሜራ የያዛት። ቤቱ በእርግማን ተናወጠ። "ይችን ነበር ዘቅዝቆ መስቀል!" አሉ አንድ አባት። "የዛሬ ሠራተኛ ሰው ትመስልሻለች?" አሉ አንዲት እናት። እኛም ከንፈራችንን መጠጥን፤ ምን እናድርግ፣ ያማል።

ከመሐላችን አንዲት ነርስ ነበረች። ሲስተር እንበላት። ስሟንም የምትሠራበትን ጤና ጣቢያም አንጽፍም፤ እሷ ስለለመነችን ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩ የአንድ ጤና ጣቢያ ብቻ ስላልሆነ። ሁሉም ሲራገም ዝም ብላ ቆየችና ስኒዋን አስቀመጠች።

"እኔ የመታኋትን ልጅስ ማን ቀረጸልኝ?" አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ።

ነገሩ የሆነው የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ነው። የሲስተር ሕፃን ዓመት ከሁለት ወሯ ነበር። የምትይዛት ልጅ ከገጠር የመጣች የሩቅ ዘመድ ስትሆን ዕድሜዋ አሥራ ሁለት ነው (ያውም እናቷ እንዳሉት)። የዚያን ዕለት ሲስተር ብቻዋን ተረኛ ነበረች፤ ጓደኛዋ ለስብሰባ ተጠርታለች። ከሰዓት በኋላ ቤቷ እንግዳ መጣ፤ ልጅቷም ቡና እንድታፈላ ታዘዘች። ሕፃን ይዛ ቡና አፈላች ማለት ነው። ጀበናው ተገለበጠ።

"ከልጄ በፊት ያወቅሁት ነጠላዬን ነው" አለችን ሲስተር። "በጤና ጣቢያው በር በኩል አንዲት ልጅ ሕፃን አዝላ እየሮጠች ስትገባ አየሁ። ነጠላው የኔ ነው። አወረድኳትና ሳያት ክንዷና ደረቷ ተልጧል፤ በላዩ ላይ ጎረቤት የጥርስ ሳሙና ለቅልቆበታል። ምን እንዳደረግሁ ታውቃላችሁ? መጀመሪያ ያነሳሁት ጓንት አይደለም፤ እጄን ነው። ልጅቷን በሕመምተኛ ፊት በጥፊ አልኳት።"

የሕፃኗን ቁስል አጥባ ከጨረሰች በኋላ ነው የልጅቷን እጅ ያየችው። ሁለቱም መዳፎቿ ነድደዋል። ጀበናውን ለመያዝ ሞክራ ነበር።

"አንዲትም ቃል አልተነፈሰችም። የሷን ቃጠሎ መዝገብ ላይ እንኳ አላሰፈርኩትም፤ ካርድ አላወጣችማ።"

ሲስተር ልጇን ይዛ ወደ አዲስ ዘመን በረረች። በማግስቱ ደግሞ ደብዳቤ ጠበቃት፦ የሥራ ቦታን ያለ ፈቃድ ጥሎ ስለመሄድ፣ የመጀመሪያ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ። ደብዳቤው አሁንም ቤቷ አለ፤ አሳይታናለች። ማኅተሙ ድምቅ ብሏል፣ ፊደሉም ጥርት ያለ ነው። በአገራችን ማስጠንቀቂያ ለመጻፍ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። የዲዩቲ ክፍያ ሲጠየቅ ነው ቀለም የሚያልቀው።

እንግዲህ ወገን፣ ሰው ሁሉ የሚጠይቀውን ጥያቄ እንጠይቅ፦ ጥፋቱ የማን ነው?

የለመድነውን መልስ እናውቀዋለን። "የሠራተኛዋ!" በአዲስ አበባ በ2014 ዓ.ም. ሁለት ሕፃናት በቤት ሠራተኛ እጅ የተገደሉበትን ወንጀል ማን ይረሳል? ፍርድ ቤቱ የሞት ፍርድ ፈርዷል፤ እኛም የእናትየዋን ኀዘን አቅልለን ልናይ አንችልም። ግን ከዚያ ወዲህ ያገራችን እናት ሁሉ በቤቷ ያለችውን ልጅ በነፍሰ ገዳይ ዓይን ማየት ጀመረች። እዚህ ላይ ነው ከብዙዎቻችሁ የምንለየው። ነፍሰ ገዳይ አንድ በስንት ሺህ ነው የሚገኘው። ልጆቻችንን በየቀኑ የሚጎዳቸው ጥላቻ ሳይሆን ጀበና ነው።

ይህን የምንለው ከራሳችን አይደለም። ሲስተርን ጠየቅናት፤ በተረኝነትሽ ምን ይመጣልሻል? መዘርዘር ጀመረች። የከሰል ምድጃ ላይ የወደቀ። በለስላሳ ጠርሙስ የተቀመጠ ላምባ ውኃ መስሎት የጠጣ። በረኪና የጠጣ። ሽምብራ በአፍንጫው የከተተ፣ ቆሎ ትን ያለው። ልብስ በተዘፈዘፈበት ባልዲ ውስጥ በግንባሩ የተደፋ። እንዲተኛ ተብሎ የአዋቂ የሳል ሽሮፕ የተሰጠውና አልነቃ ያለ። በሩዝ አረምና በአጨዳ ጊዜ ደግሞ ይብሳል፤ እናት ማሳ ላይ ትውላለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ የአንድ ዓመት ልጅ ይጠብቃል።

(መንገዳችን ላይ እያለን፦ ሲስተር ይህን ሳትጽፉ እንዳትቀሩ ብላ አስምላናለች። የተቃጠለ ሕፃን ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ጭቃ አይደረግም። ንጹሕ ቀዝቃዛ ውኃ ለሃያ ደቂቃ ያህል ማፍሰስ፣ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ። ላምባ የጠጣ ልጅ ደግሞ እንዲያስታውክ አይደረግም፤ ሲያስታውክ ወደ ሳንባው ይገባና ያን ጊዜ ነው የሚገድለው። ለልጅ ያዧም ንገሯት። ነግረናታል የምትሉ ስንቶቻችሁ ናችሁ?)

አሁን ልብ በሉ። ሕፃኑን ይዛ የምትመጣው ማን ናት? አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ልጅ ናት። አሥር፣ አሥራ አንድ፣ አሥራ ሦስት ዓመት። ሲስተር እንዳለችን መዝገቡ ላይ የሕፃኑ ዕድሜ ይጻፋል፣ ፆታው ይጻፋል፣ ሕመሙ "ቃጠሎ" ተብሎ ይጻፋል። አደጋው ሲደርስ ማን ይዞት እንደነበር፣ የያዘችውስ ልጅ ዕድሜዋ ስንት እንደሆነ የሚጠይቅ መስመር የለም። ያልተጻፈ ደግሞ አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ አይታይም።

የሊቦ ከምከም ሰው ይህን ከማንም በላይ ያውቀዋል። ካላ አዛር እዚህ ወረዳ ሰው ሲጨርስ "ወባ ነው" እየተባለ የወባ መድኃኒት ይሰጥ ነበር። ትክክለኛ ስሙ በምርመራ የታወቀው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስሙ ሲታወቅ ድንበር የለሽ ሐኪሞች አዲስ ዘመን ላይ ማከም ጀመሩ፤ ከሁለት ሺህ የሚበልጥ ሰውም ታከመ። በሽታው በፊትም ሰው ይገድል ነበር። ልዩነቱ በስሙ መጠራቱ ነው። የጓዳውንም አደጋ "የሠራተኛ ክፋት" እያልን እስከጠራነው ድረስ የወባ ኪኒን ለካላ አዛር እየሰጠን ነን።

ታዲያ ስሙ ምንድን ነው? እኛ እንዲህ እንለዋለን፦ ልጅን ለልጅ ሰጥቶ ሥራ መሄድ።

ማን አስገደዳት እንዳትሉን። የሲስተርን ኑሮ እንይ። ይህች ሴት ሥራዋ እናቶችን ማስተማር ነው። በየሳምንቱ ነፍሰ ጡሮችን ሰብስባ "እስከ ስድስት ወር ከጡት በቀር ውኃም አትስጡ" ትላለች። ጥሩ ትምህርት ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅትም የሚለው ይኸንኑ ነው። እሷ ስትወልድ ያገኘችው ፈቃድ ግን ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ነው። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064ም ያስቀመጠው እንዲሁ ነበር፤ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90። ስድስት ወር 180 ቀን ነው። የጎደለውን 90 ቀን ማን ያጥባ? ያቺ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ? ሲስተር የመንግሥትን ትምህርት ለሰው ልጅ አስተምራ ስትመለስ ለራሷ ልጅ የላም ወተት በጡጦ ተበጥብጦ ይጠብቃታል። "እያስተማርኩ አፍራለሁ" አለችን። ሌላ አልጨመረችም።

ይኸው አዋጅ ግን ሌላም ቃል ነበረበት፦ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሴት ሠራተኞች ልጆቻቸውን የሚያጠቡበትና የሚንከባከቡበት የሕፃናት ማቆያ እንዲያቋቁሙ ያዝዝ ነበር። አዲስ አበባ ላይ አንዳንድ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቶች ከፍተዋል፤ ሪባን ሲቆረጥ በቴሌቪዥን አይተናል። "እሱ የፌዴራል ነው" የሚል ብልጥ አለቃ እንደማይጠፋ እናውቃለን። የይፋግ ሕፃን ጡት የሚያምረው በወረዳ ደረጃ ነው እንዴ? ደግሞስ ሌሊት የሚሠራው ማን ነው? ማቆያ የተከፈተላት የቢሮ ሠራተኛ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ልጇን አቅፋ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ነርሷ ማታ ገብታ ጧት ነው የምትወጣው። በ2015 ዓ.ም. ማብቂያ በክልሉ ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ መንገድ በተዘጋ ቁጥር ተቀያሪዋ ትቀራለች፤ ያለችዋ ደርባ ትሠራለች። ቤቷ ያለችው ልጅም አብራ ደርባ ትሠራለች። የሷን ተረኝነት ግን የሚመዘግብ የለም።

የሚገርመን እዚያው ግቢ ውስጥ የእናቶች ማቆያ መኖሩ ነው። ነፍሰ ጡሮች ቀናቸው ሲደርስ መጥተው የሚቆዩበት፣ ገንፎ የሚገነፋበት ቤት። መልካም ሐሳብ ነው፣ ብዙ እናት አትርፏል። እናትን ማቆየት ከተቻለ ሕፃንን ማቆየት ምን ይከብዳል?

በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በየሆስፒታሉ ሥራ ሲያቆሙ ትዝ ይላችኋል። ደመወዝ፣ ዲዩቲ፣ የኑሮ ውድነት ብለው ጮኹ፤ የታሰሩም ነበሩ። ያን ጊዜ "መሐላቸውን ረሱ" ያላችሁ አላችሁ። እኛ ከጥያቄያቸው ጎን ነበርን፣ ዛሬም ነን። አንድ ቅሬታ ግን አለን፦ ያን ሁሉ ክርክር ስንከታተል የነርሷን ልጅ ማን ይዞ እንደሚያድር የጠየቀ አልሰማንም። ነርሶች ከግማሽ የሚበልጡት ሴቶች በሆኑበት ሙያ ይህ ጥያቄ "የግል ጉዳይ" ሆኖ ቀረ። የግል ጉዳይ! ጀበናው ሲገለበጥ ግን ማስጠንቀቂያው የመንግሥት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ልጅቷ። ሲስተርንም፣ እናንተንም፣ ራሳችንንም የማንምርበት ቦታ ይህ ነው።

የቤተሰብ ሕጉን ግለጡ። ሞግዚት ማለት አካለ መጠን ላልደረሰ ልጅ የሚሾም ሰው ነው። አሥራ ስምንት ያልሞላት ልጅ ሞግዚት ልትሆን ይቅርና ለራሷ ሞግዚት ያስፈልጋታል። እኛ ግን ቃሉን ከሕጉ ነጥቀን ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሰጠናት። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 36 ሕፃናት ከጉልበት ብዝበዛ እንዲጠበቁ፣ ትምህርታቸውንና ጤናቸውን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠሩ ይላል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ከለከለ፤ ከ15 እስከ 18 ያለውንም በቀን ከ7 ሰዓት በላይ እንዳይሠራ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት እንዳይሠራ አለ። ደስ ይላል አይደል? ቆዩ። ይኸው አዋጅ ለትርፍ ያልሆነ የግል አገልግሎትን፣ ማለትም የቤት ሠራተኛን፣ ከበሩ ውጭ አስቀመጣት። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በደንብ ይወስንላታል ብሎ አለፈ። የ1996ቱ አዋጅ 377ም ያለው ይህንኑ ነበር። በአሥራ አምስት ዓመት ልዩነት የወጡ ሁለት አዋጆች ለአንዲት ልጅ ያንኑ ቀጠሮ ሰጧት። ፍርድ ቤት እንኳ እንዲህ አያመላልስም!

ሌላ ጉድ ልንገራችሁ። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ለቤት ሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ አሥራ ስምንት የሞላት፣ 8ኛ ክፍል ያጠናቀቀች፣ ሠልጥና የብቃት ማረጋገጫ የያዘች ትሁን ብሎ ነበር። ተግባሩ ምን ያህል እንደሆነ ሁላችን እናውቃለን፣ አዋጁም በኋላ ተሻሽሏል። ግን ሐሳቡን እዩት። የሪያድን ሕፃን ለማዘል ወረቀት ያስፈልጋል። የይፋግን፣ የደብረ ታቦርን፣ የቦሌን ሕፃን ለማዘል ጀርባ ብቻ ይበቃል።

እነዚህ ልጆች ከየት ይመጣሉ? አንዳንዷ "ላስተምርሽ" ተብላ ነው፤ መማሪያው ማታ ይሆናል፣ ማታ ደግሞ ሕፃኑ ያለቅሳል። አንዳንዷ ሊድሯት ሲሉ አምልጣ ነው። ከባል ቤት ሸሽታ የሰው ቤት የገባች ልጅ "ቤቴ መልሱኝ" ማለት አትችልም፤ ይህን አሠሪዎቿ ሁሉ ያውቃሉ። ሲስተር ቡናው አልቆ ሰው ከወጣ በኋላ ዝቅ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ነገረችን። "የማታ ተረኛ ስሆን የምፈራው ለልጄ ብቻ አይደለም። ቤቱ ውስጥ ባሌ አለ፣ የባሌ ወንድም አለ፣ እንግዳ አለ። ልጅቷ የምትተኛበት ክፍል መቀርቀሪያ አልነበረውም። ካደረግሁላት ነገር ሁሉ የሚያኮራኝ መቀርቀሪያው ነው።" ካሜራ አስገጥመን ሠራተኛዋን የምንሰልል ሰዎች፣ ስንቶቻችን ነን መቀርቀሪያ የገዛንላት?

እኛም ከዚህ ነፃ አይደለንም። እኛም በልጅ ጀርባ ላይ ነው ያደግነው። ያዘለችን ልጅ ስሟ ትዝ ይለናል፣ የአባቷን ስም ግን ጠይቀን አናውቅም። እኛ ዩኒቨርሲቲ ገብተን "የጋዜጠኝነት ሥነ ምግባር" ስንሸመድድ እሷ 4ኛ ክፍል ላይ እንዳቋረጠች ቀርታለች። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ድምፅ አልባዎች ድምፅ ስንማር፣ ቁርሳችንን የምትሠራልንን ልጅ ቃለ መጠይቅ ማድረግ ለማናችንም ትዝ አላለንም።

"ታዲያ እናት ሥራዋን ትታ ቤቷ ትቀመጥ?" የሚል አስተያየት ከወዲሁ ይታየናል። ይህን የምትሉ ወንድሞቻችን፣ ሚስቶቻችሁ ሲወልዱ ማን እንዲያዋልዳቸው ነው የምትፈልጉት? ሴት ነርስ እኮ ነው የምትጠይቁት! እሷ ቤቷ ከተቀመጠች ማን ይመጣል? "አቅም የለንም" ለምትሉ አሠሪዎች ደግሞ፦ ነርስም አሠሪ ናት፣ ያውም ደመወዟ ከወር ወር የማያደርስ አሠሪ። መንግሥት እሷን በርካሽ ይቀጥራል፣ እሷ ልጅቷን በባሰ ርካሽ ትቀጥራለች፣ ልጅቷ የምትቀጥረው የላትም፤ ሸክሙ እሷ ላይ ይቆማል። ሲስተር ይህን ሰንሰለት ከኛ በተሻለ አስረድታናለች፤ ጥፊዋንም ጨምራ።

ልጅቷ አሁን የት ናት? አለች። መዳፏ ድኗል፣ ጠባሳው ግን አለ። ሲስተር ፈረቃ እንዲስተካከልላት ለምና ልጅቷን የጧት ትምህርት አስገብታታለች፤ ዘንድሮ 5ኛ ክፍል ናት። ጥንድ ሆነው ነው የሚያጠኑት፤ ሕፃኗም አራት ዓመቷ ነውና በመሐላቸው ደብተር ትሞነጭራለች። ይቅርታ ጠይቀሻት ታውቂያለሽ ወይ ብለን ጠየቅናት። "ጠይቄያታለሁ። 'ምንም አይደል እትዬ' አለችኝ። ከጥፊው ይልቅ ያ ነው ያመመኝ።"

አንድ ነገር ቀረን። የጤና ጣቢያው ሴት ሠራተኞች ተሰብስበው ማመልከቻ ጽፈዋል። የጠየቁት ሕንፃ አይደለም። ከእናቶች ማቆያው ጎን ያለች አንዲት ክፍል፣ ሁለት ፍራሽ፣ እድሜዋ የደረሰ አንዲት ተንከባካቢ፤ ደመወዟን በጋራ አዋጥተው ሊከፍሏት ፈቃደኛ ናቸው። የተሰጣቸው መልስ "ክፍሏ በንብረት ተይዛለች" የሚል ነው። ሄደን በመስኮት አይተናል። የተያዘችው በተሰባበሩ አልጋዎች፣ እግር በሌላቸው ወንበሮችና አንድ ሚዛን ነው። ንብረቱ እስኪወገድ ኮሚቴ መዋቀር አለበት አሉ።

አልጋዎቹ ስድስት ናቸው፤ ቆጥረናቸዋል። አውጥቶ በረንዳ ላይ ለመደርደር አራት ሰው ይበቃል። ቅዳሜ ከሆነ እኛም እንመጣለን።